ሳያውቀው ያለፈው ወንዝ

መንገዳችን አምሮበት የዋለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እኔም አምሮብኝ ነበር። እናቴ ሹሩባ ሠርታኝ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳኝ፣ ከሚዘምሩት ተማሪዎች ፊት ቆሜ ነበር። ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ አይገባችሁም።

ሱሉልታ ለአላፊ አግዳሚ አንድ አስፋልት ነው። እንጦጦን ተሻግሮ የሚወርደው የጎጃም መንገድ መሐላችንን ሰንጥቆ ወደ ጫንጮ ይነጉዳል። በአውቶቡስ የሚያልፈው ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ሜዳው እንዴት ደስ ይላል!» ይላል። ሣሩን ያያል፣ ላሞቹን ያያል። ከአስፋልቱ ታጥፎ ወደ ገጠሩ የሚገባውን የኛን መንገድ ግን አያየውም። በበጋ አቧራ ነው። በክረምት ደግሞ መንገድ ነው ብሎ ለመከራከር ምስክር መቁጠር ያስፈልጋል፤ ያ የሚያምረው ሜዳ ሁሉ ውሃ ይቋጥርና መንገዱና ረግረጉ አንድ ይሆናሉ። ከመሐሉ ወንዙ አለ። በጥር ቀሚሳችንን ሰብሰብ አድርገን የምንዘለው፣ በሰኔ ግን ፈረስ የሚወስድ ወንዝ። ድልድዩ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ይወስደዋል፤ ክረምት ሲወጣ ገበሬዎቹ ሌላ ግንድ ይጥላሉ። ሰው ሁሉ ይህን ለምዶታል።

ጓደኛዬ ከወንዙ ማዶ ነው የምትመጣው። አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ጠዋት ስታገኘኝ «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት አደርሽ ትለኛለች፣ እኔም «ነጋ!»፣ ደህና፣ እላታለሁ፤ ኦሮምኛዬን እሷ ናት ያስተማረችኝ፣ ስሳሳት እየሳቀች። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ትመጣና የትምህርት ቤቱ በር ላይ እግሯን ታጥባ ታጠልቀዋለች። አንድ ልጅ በዚህ ሲቀልድባት፣

«ጫማዬ ካንተ ይበልጣል» አለችው። «ክፍል ውስጥ ብቻ ነው የሚውለው። አንተ ግን ውጪ ውጪውን ነህ።»

በጂኦግራፊ የሚወዳደራት አልነበረም። መምህራችን ካርታውን ሲሰቅል ዓይኗ ይበራል። አንድ ቀን መምህራችን፣ «ይኸ የናንተ ወንዝ የት የሚደርስ ይመስላችኋል?» ብሎ ጠየቀ። ወንዙ ወደ ሰሜን ወርዶ ሙገር እንደሚገባ፣ ሙገርም አባይ እንደሚገባ ነገረን። ሌሎቻችን በማግስቱ ረሳነው። እሷ ግን ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ግንዱ ላይ ቆማ ውሃውን ስታይ ስታይ መሸባት፤ እናቷም ተቆጣቻት።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ነገሩ ጠነከረ። የሚኒስትሪ ፈተና በሰኔ ነው፤ ዝናቡም በሰኔ ነው። ሰባተኛ ሳለን የመጨረሻው ፈተና ላይ ወንዙ ሞልቶ ቀርታ ነበር፤ መምህራችን አዝኖላት በዓመቱ ማርኳ አሳለፋት። የሚኒስትሪ ፈተና ግን ማንንም አይጠብቅም፣ ማዘንም አያውቅም። የእናቷ ወገብ ታሞ ላሞቹን የምታልበው እሷ ስለሆነች አባቷ ከዚያ በላይ ሊታገሣት አልቻለም። «ይህን ዓመት ብቻ» ብላ ለመነችው። እሱም እሺ አላት፦ ፈተናውን ካለፈች አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች፤ ካላለፈች በቃ፣ ከብቶቹ አሉ።

እናቴ «የፈተናውን ሰሞን እኛ ዘንድ ትደር፣ ከልጄ ጋር ትተኛለች» ብላ ጠይቃው ነበር። አባቷ ረጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። በኦሮምኛ ቅላጼ በሚጣፍጥ አማርኛው፣

«እትዬ፣ ከልብዎ እንደሆነ አውቃለሁ» አላት። «ግን የኛ ሴት ልጅ ከዘመድ ቤት ሌላ አድራ አታውቅም። ያገር ሰው ምን ይላል?»

እንግዲህ የቀረው ድልድይ ነበር።

አባቴ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነው። በሚያዝያ አንድ ቀን ከሥራ ሲመጣ ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ፣

«መንግሥት ለትንንሽ ከተሞች የመንገድና የድልድይ ገንዘብ መድቧል» አለ። «ከአዲስ አበባ መሐንዲስ መጥቶ መንገዳችንን ሊያይ ነው።»

«አይቶስ?» አለች እናቴ።

«አይቶማ ይወስናል።»

«ምን ብሎ?»

«እኔ እንዴት አውቃለሁ! የወደደውን መንገድ ይሠራል እንግዲህ።»

ሁሉም ነገር የተበላሸው እዚህች ላይ ይመስለኛል፤ «የወደደውን» ላይ። መሐንዲሱ የሚፈልገው የባሰበትን ይሁን የተሻለውን አባቴ አልጠየቀም። ሌላም ሰው አልጠየቀም። እንግዳ ሊመጣ ነው ተባለ፣ አለቀ።

በማግስቱ ለጓደኛዬ ስነግራት ደብተሯን ወደ ላይ ወርውራ ቀለበችው።

«ሲሚንቶ ነው?»

«ሲሚንቶ ነው።»

«ዳርና ዳሩ መደገፊያ አለው?»

«ይኖረዋል።»

«ተደግፌ አነብበታለሁ» አለች። «ሰኔ ይምጣ! ውሃው ከሥሬ ሲጮህ እኔ ከላይ ሆኜ አነባለሁ።»

ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አባቴ ነገሩን ሲያስረዳ እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማ ነበር። ገና ሳይጨርስ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣

«ታዲያ እንግዳው በምን ላይ ሊሄድ ነው? በዚያ ጉድጓድ ላይ? ከተማችን ሰው የለባትም ሊባል ነው?» አሉ።

«አይባልም!» አለ ሕዝቡ።

ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፣ ሥራ ማከፋፈል ብቻ ነው። እነ እንትና ጉድጓዱን ይሙሉ፣ እነ እንትና ድንጋይ ያቅርቡ። ወንዙ ብቻ ቀረ። አሮጌዎቹ ግንዶች ተጣመው፣ አንዱ ተሰንጥቆ ነበር። የጓደኛዬ አባት ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣

«ወንዙን ለኔ ተዉልኝ» አለ። «የደጄን ባሕር ዛፍ እቆርጣለሁ።»

ያ ባሕር ዛፍ ለአዲስ ቤት ማዋቀሪያ ብሎ ከችግኝ ጀምሮ ያሳደገው ነው። አባቴ «ኦቦ፣ ኧረ እሱ ለቤትህ ነው» ቢለው፣ «ልጄ የምታልፍበትም ቤቴ ነው» አለው።

አሰነባበታችንን አትጠይቁኝ! ወንዶቹ በዶማና በአካፋ፣ ሴቶቹ አፈር በቅርጫት፣ እኛ ተማሪዎች ደግሞ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን ድንጋይ ኖራ ስንቀባ ሰነበትን። ከድንጋዩ ይልቅ ፊታችን ነጣ። እናቴ አፈሯን ደፍታ ወገቧን ይዛ ግራ ቀኝ አየችና፣

«ሞሽራችሁ ልትድሩት ነው እንዴ?» ብላ አሳቀችን።

የጓደኛዬ አባት ግን አይስቅም፣ አያወራም። ዛፎቹን ቆረጠ፣ ላያቸውን በመጥረቢያ ጠርቦ አስተካከለ፣ ጎን ለጎን አጋደማቸው። በላዩ ቅርንጫፍ፣ በቅርንጫፉ ላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ አፈር ደልድሎ በእግሩ ረገጠው። እዚህ ላይ ቢበቃውስ! አልበቃውም። ከሜዳው ሣር ከነሥሩ እየፈነቀለ እንደ ምንጣፍ አለበሰው። ወንዙም በዚያ ወቅት ቀጭን ነው፣ ድምፅ የለውም። ዳር ሆኖ ያላጎነበሰ ሰው ከሥሩ ውሃ መኖሩን አያውቅም። ሲጨርስ በሬዎቹን ነድቶ አሳለፈበት፤ ከዚያ ራሱ መሐሉ ላይ ቆሞ ዘለለ። ያን ጊዜ ነው ሲስቅ ያየሁት። ጓደኛዬ እጄን ይዛ እኛም ወጥተን ዘለልን። ንቅንቅ አላለም።

እንግዳው መጣ። አቧራ የለበሰች ላንድሮቨር ከአስፋልቱ ታጥፋ፣ ባንዲራ በተተከለበት፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት መንገዳችን ገባች። ዘመርን። ልጆች ከኋላዋ ሮጡ። ዳሱ የተጣለው ከወንዙ ማዶ፣ የጓደኛዬ አባት መስክ ላይ ስለነበር እኛም መዝሙሩን ሳናቋርጥ ተከተልን። መኪናዋ በሣሩ ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፍፋ አለፈችና ዳሱ ፊት ቆመች። መነጽር ያደረገ፣ ረጅም ቦት ጫማ የተጫማ ወጣት ሰው ወረደ። የዘረጋውን ወረቀት አየ፣ ዙሪያውን አየ።

«እሺ፣ ወንዙ የት ነው?» አለ።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው ሳቀ።

«ጌታዬ፣ ተሻግረውት መጡ እኮ!»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ!»

ዞር ብሎ አየና እሱም ሳቀ። «ሳላውቀው?»

«ሳያውቁት!» አለ ሕዝቡ ባንድ አፍ። እልልታው ቀለጠ።

ጓደኛዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሰማሽ? ሳያውቀው አለፈ! አባቴ ነው የሠራው!» ከደስታ ብዛት እንባዋ መጣ። እኔም ከሷ ባላነሰ ደስ ብሎኝ ነበር። ጮክ ብዬ ነው የሳቅኩት።

ዳሱ ውስጥ የበግ ወጥ ቀረበ፣ ጠጅ ተቀዳ። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ፣

«እንግዲህ ችግራችሁን ንገሩኝ» አለ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ። «ምን ችግር አለ ጌታዬ! በጃንሆይ ጥላ ሥር ሆነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምን ጎድሎብን። ይልቅ እህል ይቅመሱ።»

«በክረምትስ? ውሃው አያስቸግራችሁም?»

«ክረምትም የእግዚአብሔር ነው። ይብሉ እንጂ ጌታዬ፣ ኧረ ይብሉ!»

ይህን ስታነቡ «ምን ነካቸው?» ትሉ ይሆናል። ምንም አልነካቸውም። እንግዳ ቁጭ ሳይል፣ እህል ሳይቀምስ ችግር አይዘረገፍበትም፤ ነውር ነው። ጉዳይ የሚነገረው በሽኝት ላይ ነው። የጓደኛዬ አባት ተመርጦ ነበር፤ እንግዳው ጠግቦ፣ ጠጥቶ፣ ሊሄድ ሲል መኪናው በር ላይ ቆሞ ሁሉን እንዲናገር። ወንዙ ፈረስ እንደሚወስድ፣ ምጥ የያዛት ሴት ማዶ እንደምትቀር፣ የልጁን ፈተና። ሁሉን። ይህን ሕግ ሁላችንም እናውቃለን። የማያውቀው እንግዳው ብቻ ነበር።

ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደጎረሰ ሰዓቱን አየ። በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። «ከጫንጮ ወዲያም የማየው አለኝ፤ ዝናቡ ሳይመጣ ልሂድ» ብሎ ተነሣ። ሰው ሁሉ ደነገጠ፣ «ኧረ ገና ምኑ ተቀመሰ!» ተባለ። እሱ ግን መኪናው ውስጥ ገባ።

የጓደኛዬ አባት ጋቢውን አደግድጎ ቀረበ። ጉዳይ ደግሞ በምርቃት ነው የሚጀመረው። በኦሮምኛ ጀመረ፣ በአማርኛ ደገመ። «ልጆችዎ ይደጉ። ከብትዎ ይርባ። በወጡበት አይቅሩ። የሄዱበት መንገድ ይቅናዎ...» ከኋላው ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ወደ ውሃው፣ ወደ ልጁ ገና አልደረሰም። እንግዳው ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ ጨበጠው።

«አሜን፣ አባቴ፣ አሜን። እንዲህ ያለ ታታሪ ሰው ባለበት መንገድ አይበላሽም!»

መኪናዋ ተነሣች። እኛ አጨበጨብን። የጓደኛዬ አባት እጁን እንደዘረጋ፣ አፉን ከፈት እንዳደረገ ቀረ። ያን ጊዜ ምርቃቱ ያላለቀለት መስሎኝ ነበር።

ማታ እናቴ አባቴን፣ «ነገራችሁት?» አለችው።

«መንገዱን አይቷል እኮ!»

«እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለች። «ምኑን ነው ያየው? እስኪ ይንገሩኝ፣ ምኑን አየ?»

አባቴ ጫማውን ያልፈታ ይመስል እንደገና ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።

በሚቀጥለው ገበያ ከጫንጮ ወዲያ ካለች አንዲት መንደር የመጡ ሰውዬ ጉዳቸውን እያወሩ አሳቁን። እንግዳው ያን ቀን ከነሱ ዘንድ ሲደርስ ዝናቡ ቀደመው። ይመጣል ብለው ስላልጠበቁ ምንም አላሰናዱም። መኪናዋ ወንዛቸው ዳር እስከ በሯ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። እንግዳው ወርዶ፣ ቦቱ ጭቃው ውስጥ ቀርቶበት፣ በካልሲ ቆሞ ዝናብ ሲመታው መኪናዋን በበሬ ጎትተው አወጡለት።

«አዋረድነው!» አሉ ሰውዬው ራሳቸውን እየያዙ። «እናንተስ ታድላችሁ!»

የኛዎቹም አጽናኗቸው። «አይዞዎት፣ ምን ይደረግ» አሏቸው። አንዱማ፣ «ቢሆንም ትንሽ ቄጠማ እንኳ አጣችሁ?» ብሎ ወቀሳቸው።

ግንቦት ሳያልቅ ወሬው መጣ። ድልድዩ ለነዚያ፣ ከጫንጮ ወዲያ ላሉት፣ ተፈቀደ። መሐንዲሱ ስለኛ ክፉ አልተናገረም፤ አመስግኖናል አሉ። «ሱሉልታዎች ራሳቸውን ችለዋል፣ ደህና ድልድይ አላቸው» ነው ያለው።

አባቴ ይህን ለጓደኛዬ አባት የነገረው እኛ ደጅ ላይ ነው። ሰውየው ወተት አድርሶ ሲመለስ ነበር፤ ባዶውን ጣሳ እንደያዘ ቆሞ ሰማው። ሲጨርስ ጣሳውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረና፣

«ታዲያ እንግዳዬን ጭቃ ላይ ላስቀምጠው ኖሯል?» አለ።

አባቴ አገር የሚያውቀው ተናጋሪ ነው። ያን ቀን ግን «ግባና ቁጭ በል፣ ኦቦ» ብቻ አለው። እሱም አልገባም። እኔም እስከ ዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስፈልግ አላገኘሁም። ያ ሰው ግንዱን ሳይጠርብ፣ ሣሩን ሳያለብስ፣ ስንጥቁን እንደተሰነጠቀ ቢተወው ኖሮ ድልድዩ የልጁ ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ደግሞ እሱ አይሆንም።

በሰኔ ውሃው መጀመሪያ ሣሩን ገፈፈው። ቀጥሎ አፈሩን። የፈተናው ዋዜማ ሲዘንብ አደረና ጠዋት ወደ ወንዙ ስሮጥ ግንዶቹ አልነበሩም። ማዶ ጓደኛዬ ቆማለች፤ ጫማዋን አንጠልጥላለች፣ የተቀረጸ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታለች። አባቷ ወገቡን በገመድ አስሮ ውሃው ውስጥ ነው። ገመዱን ጎረቤቶች ይዘውታል። ደረቱ ድረስ ገባ፣ ወደኋላ ገፋው። እንደገና ገባ። ሦስተኛውን ሲሞክር ውሃው ጠለፈውና ጎትተው አወጡት። ጭቃው ላይ ተቀምጦ ሲያስለው፣ እሷ ጫማዋን ጥላ ጀርባውን ትመታለት ጀመር። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና በእጇ «ሂጂ፣ ሂጂ!» አለችኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ይሰማ ነበር። ሄድኩ።

አሁን እሷ ወተት ይዛ ወደ አስፋልቱ የምትወጣው ወንዙ ሲጎድል ነው። እኔ አልፌ አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ቅዳሜ ስመጣ እንገናኛለን። ስለዚያ ድልድይ አናነሣም። አስፋልቱ ዳር ቆመን ወደ ጫንጮ የሚሄድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቢያልፍ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ እሷ ግን እስኪርቅ ታየዋለች።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን የዚያን የፈተና ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ከክፍል እንደወጣሁ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ እግሬ ወደ ወንዙ ወሰደኝ። እዚያው ነበረች! ላሞቹን ወደ ወንዙ ዳር አምጥታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ስታየኝ ብድግ ብላ በሁለት እጇ አፏን ከባ፣

«ምን ጠየቁ?» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት። እሷ ደገመችው። «ንገሪኝ እንጂ! ምን መጣ?»

እኔም ጮኽኩ። የሒሳቡን ስነግራት ጎንበስ ብላ በእንጨት ጭቃው ላይ ሠርታ መልሱን ጮኸችልኝ። የሳይንሱን ነገርኳት፣ መለሰች። ውሃው ድምፃችንን ግማሹን ይወስዳል፤ ግማሹን እንቀባበላለን። ላሞቹ ቀና ብለው ያዩናል። በመጨረሻ ጂኦግራፊ ደረስን።

«የአባይ ገባሮች!» አልኳት። «ከአባይ ገባሮች ጥቀሱ ነው የሚለው!»

ያን ጥያቄ እኔ አሟልቼ አልመለስኩትም። ጣና ፊት ለፊቴ እየመጣ፣ የቀረው ሁሉ ጠፍቶብኝ ነው ወረቀቱን የሰጠሁት። እሷ ግን ሳቀች። ከዚያ ማዶ ሳቋ ታየኝ እንጂ አልተሰማኝም።

«ጀማ! በሽሎ! ጉደር!» አለች። ቆም አለችና ክንዷን ዘርግታ እግሯ ሥር ያለውን የደፈረሰ ውሃ አሳየችኝ፤ ግንዱን የወሰደውን፣ አባቷን የጣለውን፣ መሐላችን የሚጮኸውን። «ሙገር! በዚህ በኩል! ይኸው ይኼ ነው የሚሄደው!»

«ልክ ነሽ!» አልኳት።

«ምን?»

«ልክ ነሽ!»

እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ አልሰማችም። እኔም ሁለት እጄን ወደ ሰማይ አንሥቼ እዚያው ጭቃው ላይ ዘለልኩላት። ገባት። እሷም ዘለለች፤ አባቷ ድልድዩን ሠርቶ የጨረሰ ቀን እንደዘለልነው።

ከኮረብታው አባቷ ጠራት። «ኢንተላ ኮ! ኮቱ!» ልጄ፣ ነይ ማለቱ ነው። ላሞቹ የሚታለቡበት ሰዓት ደርሶ ነበር። እርሳሱን ከጸጉሯ አወጣች፤ አየችው፣ መልሳ ሰካችውና ላሞቹን ነዳች።